ሄጅ ፈንድ ለመግባት ከማመልከትሽ በፊት

የስታቲስቲክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። «ሄጅ ፈንድ ምንድን ነው? ቁማር ነው የሚሉኝ አሉ፤ ልግባበት?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አመጣጡን ብታውቂ ለመወሰን ይቀልሻል።

እ.ኤ.አ. በ1949 አልፍሬድ ዊንስሎው ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ በ100 ሺህ ዶላር ፈንድ፣ ማለትም የባለሀብቶችን ገንዘብ አሰባስቦ የሚነግድ ድርጅት፣ አቋቋመ። ዋጋቸው ይጨምራል ያላቸውን አክሲዮኖች ይገዛል፤ ይወርዳል ያላቸውን ደግሞ ተበድሮ ይሸጣል። የተበደርሽውን አክሲዮን በ100 ዶላር ሸጠሽ፣ በ80 ገዝተሽ ብትመልሺ 20 ዶላር ይተርፍሻል። ዋጋው 150 ከገባ ግን 50 ዶላር ትከስሪያለሽ፤ ኪሳራው ጣሪያ የለውም። ጆንስ ሁለቱን አብሮ የያዘው ገበያው በሙሉ ቢወርድ በአንዱ የከሰረውን በሌላው ለማካካስ ነው፤ «ሄጅ» የሚለው ስያሜም ከዚህ ማካካሻ የመጣ ነው።

ዛሬ ስያሜው ሰፍቷል። ማካካሻ ሳይዝ በውጭ ምንዛሪ ወይም በነዳጅ ዋጋ ላይ የሚነግደውም ሄጅ ፈንድ ይባላል። የሚያመሳስላቸው አወቃቀራቸው ነው፦ ገንዘቡ በአብዛኛው የባለጸጎችና የተቋማት ነው፤ ብድር በሰፊው ይጠቀማሉ፤ ክፍያቸውም በተለምዶ በዓመት ከሚያስተዳድሩት 2 በመቶ፣ ከትርፉ 20 በመቶ ነው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ከዚህ ዝቅ ያደርጋሉ።

ብድሩን አቅልለሽ አትዪው። ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው ሄጅ ፈንድ ሁለት የኖቤል ተሸላሚ ኢኮኖሚስቶች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ1998 ከካፒታሉ ብዙ እጥፍ ተበድሮ ሲናጋ፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ አካል የሆነው የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ያሰባሰባቸው የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ደገፉት።

ግቢበት እልሻለሁ፤ በተለይ በስጋት ቁጥጥር ክፍል በኩል። ለስታቲስቲክስ ምሩቅ ከዚያ የተሻለ መማሪያ አይታየኝም፤ የሁሉም ነጋዴ ውሳኔ በፊትሽ ያልፋል። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እስከ ምረቃሽ አጥብቀሽ ያዢ። በሒሳብ ቀመር የሚነግዱ ፈንዶች ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ይቀጥራሉ፤ ሌሎቹ ግን ብዙ ጊዜ ባንክ ውስጥ ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው ይመርጣሉ።

ቃለ መጠይቅ ላይ በምን እንደሚነግዱና ምን ያህል እንደሚበደሩ ጠይቂ። አንድ ጥያቄ ደግሞ በፍጹም እንዳትረሺ፦ ፈንዱ ቀድሞ ከደረሰበት ከፍተኛ ዋጋ በታች ነው ወይ? ብዙ ፈንዶች ያንን እስኪያልፉ ድረስ ከትርፍ ድርሻ አይወስዱም። የሠራተኞቹ ጉርሻም (ቦነስ) በአብዛኛው ከዚያ ስለሚመጣ ጎበዞቹ ቀድመው ይለቃሉ፤ አንቺም አስተማሪ በሌለበት ክፍል ልትቀሪ ትችያለሽ።