ቼኩ እጄ ገብቷል፤ ገንዘቡስ?

ከለገጣፎ፣ ከገላን፣ ከሱሉልታ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ክፍያን የሚመለከቱትን ለዛሬ ሰብስበናል። ጠያቂዎቹ በየሙያቸው ቢለያዩም አብዛኞቹ የሚጨንቃቸው አንድ ነው፦ ወረቀቱ ወይም መልእክቱ ደርሶኛል፣ ዕቃውን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

«ገላን ውስጥ ብሎኬት አመርታለሁ። አንድ ሥራ ተቋራጭ የ180,000 ብር ብሎኬት ሊወስድ ነው፤ ከወር በኋላ የሚመነዘር ቼክ እሰጥሃለሁ፣ ቀኑ ሳይደርስ ግን ባንክ እንዳትሄድ ይለኛል። ልቀበለው?»

ከወር በኋላ የሚመነዘር ቼክ የሚባል ነገር ሕጉ አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ቼክ የደነገገው ክፍል ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ መሆኑን ይናገራል፤ የወደፊት ቀን ቢጻፍበትም ከዚያ ቀን በፊት ለባንኩ ከቀረበ በቀረበበት ዕለት መከፈል አለበት። እንግዲህ ተቋራጩ የጠየቀዎት ዱቤ ነው፣ ቼኩ ደግሞ የዱቤው መያዣ። ዱቤ መስጠት ነውር የለበትም፤ ዱቤ መሆኑን አውቆ መስጠት ግን ይገባል።

ቀኑ ደርሶ በሒሳቡ ውስጥ በቂ ስንቅ (ለቼኩ የሚበቃ ገንዘብ) ከሌለ ባንኩ ምክንያቱን በጽሑፍ አድርጎ ቼኩን ይመልስልዎታል። ያ ወረቀት እንዳይጠፋብዎት፤ ያለ እሱ ፖሊስ ጣቢያም ፍርድ ቤትም ጉዳይዎን ማስረዳት ይከብዳል። ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሚያወጣ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ይጠየቃል፤ ነገሩ ከከበደ እስራቱ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ባንኮችም ደረቅ ቼክ የጻፈ ደንበኛን ይመዘግባሉ፣ ሲደጋገምም የቼክ ሒሳቡ ይዘጋል። ይሁን እንጂ ሰውየው መታሰሩ ብቻውን ለሲሚንቶና ለአሸዋ ያወጡትን አይመልስም።

ስለዚህ ቢያንስ የጥሬ ዕቃውን ዋጋ አስቀድሞ በባንክ ያስገባልዎ። ለቀሪው የዱቤ ውል ይጻፉ፤ ብሎኬቱ በተጫነ ቁጥርም ብዛቱንና ቀኑን የያዘ የርክክብ ወረቀት ተቀባዩ ይፈርምበት። ቼኩ ላይ የታተመው የሒሳብ ባለቤት ስም ውሉ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ፤ የድርጅት ቼክ ከሆነ ፈራሚው ሥልጣን እንዳለው ይጠይቁ። «ለአምጪው» ተብሎ ከተጻፈ ይመልሱለትና በስምዎ ያጽፉ፣ ከፊቱም ሁለት ትይዩ መስመሮች ይሰመሩበት። የተሰመረበት ቼክ በባንክ ሒሳብ በኩል ስለሚያልፍ ቢጠፋ እንኳ ያገኘው ሰው በመስኮት በጥሬው ወስዶት አይሄድም። በመጨረሻም ቼኩን መሳቢያ ውስጥ አያሳድሩት፤ ለባንክ የሚቀርብበት ጊዜ 6 ወር ነው።

«ቼኬን ባንኩ ‹ጊዜው አልፎበታል› ብሎ መለሰው። የጻፍኩት ግን በቅርቡ፣ 12/2/2018 ብዬ ነው።»

እርስዎ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለትዎ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያነበበው ሰው ግን ያየው የካቲት ወር 2018ን፣ ማለትም 2010 ዓ.ም.ን ነው። ወሩን በፊደል ይጻፉ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውንም አይተዉ። ሌላው ቼክ የሚያስመልሰው ስርዝ ድልዝ፣ ባንክ ከተቀመጠው ናሙና የማይመሳሰል ፊርማ፣ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ብር መለያየት ነው። በሕጉ በፊደል የተጻፈው ይበልጣል፤ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አስተካክላችሁ አምጡ ማለቱን ይመርጣል። ፊደሉን ከመስመሩ ጥግ ይጀምሩ፣ «ብር ብቻ» ብለው ይጨርሱ፣ የተረፈውን ክፍት ቦታ ያስምሩበት። ሲሳሳቱ ቅጠሉን አይቅደዱት፤ «የተሰረዘ» ብለው ጽፈው ደብተሩ ላይ ከሚቀረው ጉርድ ጋር ያቆዩት።

«ኮዬ ፈጬ ሱቅ አለኝ። ደንበኞች ስልካቸው ላይ ‹ተልኳል› የሚል ስክሪን ሾት አሳይተውኝ ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ ተታልያለሁ።»

ስክሪን ሾት ማንም ሊሠራው የሚችል ሥዕል ነው። የሚታመነው የእርስዎ ሒሳብ ብቻ ነው። በቴሌብር ከሆነ *127#፣ በንግድ ባንክ ከሆነ *889# ደውለው ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ቁጥር የመጣ «ደርሶዎታል» የሚል ጽሑፍ ሐሰት ነው። የላኪውን ቁጥር ማየት ካልተመቸዎት ቀሪ ሒሳቡን ይደምሩ፦ ከመሸጥዎ በፊት 3,400 ብር ከነበረና 850 ከተላከ መልእክቱ 4,250 ማለት አለበት። አጭበርባሪ የቀድሞ ቀሪዎን ስለማያውቅ እዚህ ላይ ይያዛል።

ችግሩ የሚብሰው ሱቁን የሚጠብቀው ልጅ ሆኖ ገንዘቡ ወደ እርስዎ ስልክ ሲገባ ነው። ደውሎ እስኪያገኝዎት ደንበኛው ይጣደፋል፣ ልጁም አፍሮ ዕቃውን ይሰጣል። የነጋዴ ሒሳብ ያስከፍቱና የክፍያ መልእክቱ ባንኮኒው ላይ ወደሚቀመጥ ስልክ ይምጣ። ልጁ ጥፋተኛ አይደለም፤ ማረጋገጫውን ከእሱ ያራቅነው እኛ ነን።

«በአንድ አኃዝ ስህተት ለማላውቀው ሰው ብር ላክሁ።»

የግብይት ቁጥሩን ይዘው ወዲያውኑ ለላኩበት ባንክ ወይም ለቴሌብር ያመልክቱ፤ የንግድ ባንክ የጥሪ ማዕከል 951 ነው። ባንክ ከሌላ ሰው ሒሳብ በራሱ ፈቃድ አንስቶ አይሰጥዎትም፣ ተቀባዩ መስማማት አለበት፤ ስለዚህ ተቀባዩ ገንዘቡን ሳያወጣው መድረስ ነው ዋናው። ከመላክዎ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ማንበብን ልማድ ያድርጉት። በተቃራኒው አንድ ሰው ደውሎ «በስህተት ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» ቢልዎት በራስዎ እጅ አይላኩለት። በባንክዎ በኩል እንዲያስመልስ ይንገሩት፤ እውነተኛ ከሆነ እሺ ይላል።

«ሱሉልታ የ140 አባወራ እድር ጸሐፊ ነኝ። ወጣቶቹ ወርኃዊ መዋጮው በገንዘብ ያዡ ቴሌብር ይግባ፣ ቼኩም ይቅር ይላሉ። ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ።»

ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። የመዋጮው መሰብሰብ በስልክ ቢሆን ድካም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወደ ገንዘብ ያዡ የግል ቁጥር መግባት የለበትም። በግል ስም የተቀመጠ ገንዘብ የግለሰብ ገንዘብ ነው የሚመስለው። ሰውየው ቢሞት ከውርስ ጋር ይቀላቀላል፣ ስልኩ ቢጠፋ እድሩ አብሮ ይቸገራል፣ ሰውየውም ባላጠፋው ይታማል። አባላት በቀጥታ እድሩ ባንክ ባለው ሒሳብ ያስገቡ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ስማቸውንና ወሩን ይጻፉ። እርስዎ በወር አንድ ጊዜ የሒሳብ መግለጫ አውጥተው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ።

ወጪው ግን በቼክ ይቆይ። የሊቀ መንበሩ፣ የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ ፊርማ አንድ ላይ መጠየቁ እድሩን የሚጠብቅ አጥር ነው፤ በአንድ የሚስጥር ቁጥር የሚሠራ ስልክ ይህን አጥር አያውቀውም። አንዱ አዘጋጅቶ ሌላው የሚያጸድቅበት የድርጅት የኢንተርኔት አገልግሎት ባንካችሁ ካለው እሱንም ማየት ይቻላል። ሞት ሌሊት ስለሚመጣ ለአንድ ቀብር የመጀመሪያ ወጪ የሚበቃ ጥሬ ብር በቃለ ጉባኤ ተወስኖ በገንዘብ ያዡ እጅ ይኑር፣ በወጣ ቁጥርም ይተካ። አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ «ለሌሊት ይሆናል» ብላችሁ ባዶ ቼክ ላይ አስቀድማችሁ አትፈርሙ። ሦስት ፊርማ ያለበት ባዶ ቅጠል ከተፈታ ከረጢት አይሻልም። ፈራሚ ሲለወጥም ቃለ ጉባኤውንና ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ለባንኩ ያድርሱ፤ አለዚያ የቀብር ቀን ቼኩ ይመለሳል።

«ለገጣፎ ቤት ልገዛ ነው። ሻጩ ሲፒኦ ይላል፣ እኔ በማስተላለፍ ብጨርስ እላለሁ።»

ለሻጩ ሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ፣ ከተራ ቼክ ይሻላል፤ ባንኩ ገንዘቡን ከሒሳብዎ ቀንሶ ስለሚያዘጋጀው ስንቅ አያጣም። ነገር ግን ሊጭበረበር ይችላል፣ ስለዚህ ሲፒኦው ሲዘጋጅ ሻጩ አብሮዎት ቅርንጫፉ ድረስ ይምጣ፣ ወይም ቁጥሩን ካወጣው ባንክ ያረጋግጥ። ስሙ መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ። ውሉ ቢፈርስ ገንዘብዎ የሚመለሰው ዋናውን ሲፒኦ ለባንኩ ሲመልሱ ነው፤ ሳይፈራረሙ ለሻጩ አይስጡት።

ሁለታችሁም አንድ ባንክ ከሆናችሁ ግን መስኮት ላይ ማስተላለፉ ይቀላል፣ ወዲያው ይገባል። ባንኩ ከተለያየ አነስተኛው ገንዘብ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል በስልክ ይሄዳል፤ የቤት ዋጋ ያህል ሲሆን በቅርንጫፍ ቅጽ ተሞልቶ በብሔራዊ ባንክ ሥርዓት ያልፋል፤ ይህም በሥራ ሰዓት ነው። የተቀባዩ ስምና የሒሳብ ቁጥር ካልተጣጣመ ገንዘቡ ይመለሳል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይጀምሩት። ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ የምትሄዱበትን ቀን ጠዋት ይምረጡ።

«ሚኒባስ እነዳለሁ፣ ቱሉ ዲምቱ። ነዳጅ ስከፍል ኔትወርክ ተቋረጠና ደግሜ ስከፍል ሁለቴ ተቆረጠብኝ።»

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ስለሚቀዳ ይህ የብዙ ሾፌር ጥያቄ ነው። መልእክቱ አለመምጣቱ ክፍያው አልሄደም ማለት አይደለም፤ ትእዛዙ ደርሶ ማረጋገጫው መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከመድገም በፊት ቀሪ ሒሳብ ይዩ። ከቀነሰ የግብይት ቁጥሩን ከታሪኩ አውጥተው ለቀጂው ያሳዩት፣ እሱም በማደያው ስልክ ያረጋግጥ። ካልቀነሰ ደግመው ይክፈሉ። አሁን ሁለቴ የተቆረጠብዎትን ለማስመለስ ሁለቱንም የግብይት ቁጥሮች፣ ሰዓታቸውንና የታርጋ ቁጥርዎን ጽፈው መጀመሪያ ማደያውን ያነጋግሩ፤ ሁለተኛው ገንዘብ እነሱ ሒሳብ ውስጥ ስለሆነ በዕለቱ ሒሳብ ሳይዘጉ ቢደርሱባቸው ይቀልላል።