የበሰበሰ የጋቢና ወለል፦ ላዩ ላይ ላሜራ ይለበስ ወይስ ተቆርጦ ይውጣ?

ወንድማችን ከቡሬ የጠየቀው ይህን ነው፦ የኤል ኤን 106 ሃይሉክሱ (የቶዮታ ፒክአፕ) የሾፌር በኩል ወለል በዝገት በስብሶ መንገዱ ከታች ይታያል። ባትላሜራው «አዲስ ላሜራ ላዩ ላይ በሪቬት መትተን ሬንጅ እንቀባው» ብሎታል። ይቻላል ወይ? ካልተቻለስ ምን ያህል ላሜራ ይበቃል፣ በተራ የኤሌክትሪክ ብየዳስ ይሠራል ወይ?

አይቻልም፤ ተቆርጦ ይውጣ። አዲስ ላሜራ በዛገው ላይ ሲለበስ በሁለቱ መሃል ቀጭን ክፍተት ይቀራል። በሪቬቱ ቀዳዳና በጠርዙ የገባ ውሃ እዚያ ይታቆራል፣ አየር ስለማያገኝም አይደርቅም። ሬንጁ ደግሞ ከላይም ከታችም ስለሚከድነው መበስበሱን የምታውቀው አዲሱ ላሜራ ራሱ ሲበሳ ነው።

ግራይንደር ከማንሳትህ በፊት ግን ውሃው በየት እንደሚገባ እወቅ። ይህ ካልታወቀ አዲሱም ወለል ያው ነው። ምንጣፉን አውጥተህ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ከፊት መስታወቱ ላይ ውሃ በባልዲ ቀስ እያለ ያፍስስ። ከመስታወቱ ጎማ ጥግ ከወረደ ጎማው ደርቋል። ከዳሽቦርዱ ሥር በጎን ከመጣ ደግሞ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠልና በጭቃ ተደፍኗል፤ ባሕር ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና ላይ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። የበሩን የታችኛውን ጠርዝም እይ፤ እዚያ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ውሃው ሞልቶ ወደ ጋቢና ይፈሳል። ከምንጣፉ ሥር ያለው እርጥበት ቅባትነትና ጣፋጭ ሽታ ካለው ዝናብ ሳይሆን የማሞቂያው ራዲያተር ነው የሚያፈሰው። የከብት ጨው ወይም ማዳበሪያ ጋቢና ውስጥ ጭነህ የምታውቅ ከሆነ ደግሞ የፈሰሰው ከአየር ላይ ሳይቀር እርጥበት ስለሚስብ ከመጀመርህ በፊት ወለሉን በብዙ ውሃ እጠበው።

ቀጥሎ ጉዳቱን መለካት ነው። መቀመጫውን ፍታ፣ የወለሉን ሬንጅና ስፖንጅ ፍቀህ አንሳ፣ ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍና በትንሽ መዶሻ እየነካካህ ዙር። ደህናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ድፍን ይላል ወይም ካቻቢቴው ይገባበታል። የምትቆርጠው ቀዳዳው ካለበት ሳይሆን ደህናው ብረት ከጀመረበት ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር አልፈህ ነው። ዝገቱ የበሩን ጉበን ወይም ጋቢናው ከሻንሲ ጋር የሚታሰርባቸውን ጎማዎች መቀመጫ ከነካ ሥራው ሌላ ነው። በሩን ከመንቀልህ በፊት የዙሪያውን ክፍተት ለካና ጻፍ፤ ከዚያ የበሩን ክፍት ቦታ በ20 በ20 ሚሊ ሜትር ካሬ ብረት አግድም በጊዜያዊነት በይድ፤ ጋቢናውንም ከሥር በእንጨትና በክሪክ ደግፍ። ይህን ዘልሎ ጉበን የቆረጠ ሰው መጨረሻ ላይ በሩ አልዘጋ ሲለው ማጠፊያውን ይወቅሳል።

የባትሪውን ነጌቲቭ ፍታ። ከወለሉ ሥር የሚያልፉትን የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች፣ በጉበኑ በኩል የሚሄደውንም የኤሌክትሪክ ገመድ ገለል አድርግ። ውሃ የሞላ ባልዲና እርጥብ ጆንያ አጠገብህ ይኑር፤ ስፖንጁ ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል።

ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ይሁን። 1 በ2 ሜትር የሆነው አንዱ ወደ 16 ኪሎ ይመዝናል፤ ለግራም ለቀኝም ወለል ይበቃል፣ ለመበላሸትም ይተርፋል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አትጠቀም፤ ቀጭን ነው፣ ዚንኩም ሲቃጠል ብየዳውን ያረፋዋል። ጭሱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል፤ ወተት መጠጣትም አያድንም።

መጀመሪያ በካርቶን ልክ አውጣ፣ ካርቶኑ በትክክል ሲቀመጥ ብቻ ላሜራ ቁረጥ። የዋናው ወለል ጎድጓዳ መስመሮች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ ዝርግ ላሜራ ከገባ በመንገድ ላይ እንደ ከበሮ ይጮኻል። መስመሩን ለማውጣት ሁለት አንግል ብረት በ14 ሚሊ ሜትር ርቀት አስረህ ላሜራውን ላያቸው ላይ አስተኛ፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ (ክብ የአርማታ ብረት) በክፍተቱ ልክ አስቀምጠህ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ትንሽ በትንሽ ምታ። አንድ ቦታ ላይ አጥብቀህ ከመታህ ላሜራው ይጠማዘዛል።

ስለ ብየዳው፦ በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ አትሞክረው፣ ላሜራው ይበሳል። ምርጡ ሚግ (በጥቅል ሽቦና በጋዝ የሚበይደው ማሽን) ነው፣ በ0.6 ወይም 0.8 ሽቦ። ከሌለ ባለ 1.6 ወይም ባለ 2 ኤሌክትሮድ በ35 እስከ 50 አምፔር፣ ከጀርባው ወፍራም የመዳብ ቁራጭ ተጭኖ ይሠራል፤ መዳቡ ሙቀት ይስባል፣ ብየዳውም አይጣበቅበትም። በኦክሲጅን የሚበይድ ጎበዝ ሰው ካለም ይቻላል፤ ሆኖም ወለሉ መጠማዘዙ አይቀርም። በማንኛውም ዘዴ መስመሩን በአንድ ትንፋሽ አትጨርስ። በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ነጥብ እየጣልክ፣ አንዱን እዚህ ሌላውን ወዲያ ማዶ፣ እጅህን መጣል እስክትችል እያቀዘቀዝክ ክፍተቱን ሙላ። ጠርዝ ለጠርዝ መግጠም የሚከብድህ ከሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ደራርበህ የላይኛውን በባለ 8 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ብሳና ቀዳዳዎቹን በብየዳ ሙላ። የሚደራረበው ፊት ሁለቱም በኩል ከመገጠሙ በፊት በዚንክ የተሠራ፣ ብየዳ የሚችል ፀረ ዝገት ይቀባ።

የመቀመጫና የደህንነት ቀበቶ ቡለኖች ባሉበት ቦታ ግን ቀልድ የለም። ደህና ከሆነ ዋናውን ማሰሪያ ከነዳዶው ትተህ ዙሪያውን ቁረጥ። እሱም ከበሰበሰ በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ዳዶ መበየድ አይበቃም፤ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፊ ማጠናከሪያ ይግባ፣ ብየዳውንም የቀበቶ ማሰሪያ የመበየድ ልምድ ያለው ሰው ይሥራው።

የተላገው ብረት በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ይቀባ። በሐምሌ እንጅባራ ላይ ብረት ራቁቱን ካደረ ጠዋት ቢጫ ለብሶ ታገኘዋለህ፤ ስለዚህ ሥራው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ጊዜ ቢሆን ይሻላል። ፀረ ዝገቱ ሲደርቅ መገጣጠሚያዎቹን ከላይም ከታችም በፖሊዩሬታን ማሸጊያ ድፈን። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አትጠቀም፣ አሲዱ ብረቱን ራሱን ይበላል። ከዚያ ቀለም፤ ሬንጅ ወይም የሥር መቀቢያ የሚመጣው ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው። ስቱኮ (የቦዲ መሙያ ልጥፍ) ወለል ላይ ቦታ የለውም፤ ይሰነጠቃል፣ ውሃም ይይዛል። የተቃጠለ ዘይት ከሥር መርጨትም ጎማ ማያያዣዎቹን ያሳብጣል።

ዋናው ወለል ላይ የነበሩትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በአዲሱም ላይ ብሳና የጎማ ክዳናቸውን መልስ። ምንጣፉን ከማንጠፍህ በፊት የባልዲውን ፈተና አንድ ጊዜ ድገመው፤ ጠብታ ከታየህ ምንጣፉ ይቆይ።