የአንባቢያን ጥያቄ፦ በቪትዝ ከሐዋሳ ወደ ነጭ ሳር

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ጥር ላይ የአራት ቀን ፈቃድ አለን። ያለን አንድ አሮጌ ቪትዝና የሁለት ሰው ድንኳን ነው፤ ሎጅ ለማደር አቅማችን አይፈቅድም። አርባ ምንጭ ወርደን የነጭ ሳርን ደንና ሐይቆቹን ማየት እንፈልጋለን። መኪናዋ ታደርሰናለች ወይ? ገንዘባችንንስ ምን ላይ ብናውለው ይሻላል?

መልስ፦ አርባ ምንጭ ታደርሳችኋለች፤ ሜዳው ላይ ግን አትወጣላችሁም። ዕቅዳችሁን ከዚህ ጀምሩ። ነጭ ሳር ውስጥ ሁለት የተለያዩ መሬቶች አሉ። አንዱ ከከተማው ግርጌ፣ ከአርባዎቹ ምንጮች አንስቶ በኩልፎ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቁ የሚዘልቀው ደን ነው። ሌላው የሜዳ አህያ የሚሰማራበት፣ ፓርኩም ስሙን ያገኘበት ገላጣ ሜዳ ነው። ሜዳው ያለው አባያንና ጫሞን ከሚለያየው ከእግዜር ድልድይ ማዶ ነው፤ መንገዱ ድንጋያማና ዳገታማ ስለሆነ ከመሬት ከፍ ያለ ባለ ፎር ዊል መኪና ይፈልጋል። በትንሽ ገንዘብ የሚጓዝ ሰው በጀቱ የሚናጋው እዚህ ላይ ነው፤ ለአንድ ቀን መኪና ተከራይቶ የሦስት ቀን ወጪውን ይጨርሳል። ሜዳውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ገንዘባችሁን ለጫሞ ጀልባ፣ ጊዜያችሁን ለደኑ ስጡ።

ደኑ በዝናብ ብቻ የቆመ አይደለም። ከጋሞ ተራሮች የሰረገው ውሃ ከሥራቸው ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ለዛፎቹ ሥር ቅርብ በመሆኑ ከተማው አቧራ በለበሰበት በጥርም ሾላዎቹ ለምለም ናቸው። የከተማው ሕዝብ የሚጠጣውም ከእነዚሁ ምንጮች ነው። የሾላ ፍሬ በቅርንጫፍ ጫፍ ብቻ ሳይሆን ግንዱንና ወፍራም ቅርንጫፎቹን ተከትሎ በዘለላ ይወጣል። የበሰለ ፍሬ የያዘ ዛፍ ስታገኙ አልፋችሁ አትሂዱ። ፈንጠር ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጉሬዛና ጦጣ ከላይ ሲለቅሙ፣ የወደቀውን ደግሞ ከታች ድኩላ ሲፈልገው ልታዩ ትችላላችሁ። እያወሩ ሲራመዱ የዋሉ ሰዎች ባዶ ደን አይተው ይመለሳሉ። የፓርኩን ስካውት (ጠባቂ) መያዝ ግድ ነው፤ መግቢያው ላይ ለሰው፣ ለመኪና፣ ለካምፕና ለስካውት የሚከፈለውን ለየብቻ ጠይቁና ደረሰኝ ተቀበሉ። ኢትዮጵያውያን የሚከፍሉት ከውጭ ዜጎች ያነሰ ስለሆነ መታወቂያ አትርሱ።

ጀልባ የሚከፈለው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባ ነው። ለሁለት ከተሳፈራችሁ ሙሉውን ትሸከማላችሁ፤ ወደቡ ላይ ትንሽ ጠብቃችሁ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ብትዳበሉ ወጪው ይካፈላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ወደቡ ድረሱ። አዞዎቹ ሌሊት የቀዘቀዘ ገላቸውን ለማሞቅ ዳር ላይ ተዘርግተው የሚተኙት በጠዋት ፀሐይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ላይፍ ጃኬት ያልያዘ ጀልባ ላይ አትውጡ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ።

ነዳጁን እንዲህ አስሉ። በሻሸመኔ፣ በሀላባና በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 540። ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ላለችው ዶርዜ፣ ለጫሞ ወደብና ለፓርኩ 150 ያህል ጨምሩ፤ ወደ 700 ይጠጋል። የተጫነች ቪትዝ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ትበላለች ብላችሁ ያዙ፣ 49 ሊትር ነው፤ ለመጠባበቂያ 6 ሊትር ጨምራችሁ የ55 ሊትር ሒሳብ አዘጋጁ። ሐዋሳ ላይ ሙሉ ቅዱ፤ ስትመለሱ ወረፋ ላይ እንዳትያዙ አርባ ምንጭ ላይ ግማሽ ሳይደርስ ሙሉት። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ቴሌብራችሁ ላይ ገንዘብ፣ ስልካችሁ ላይ ቻርጅ ይኑር። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን አትግዙ፤ ባዕድ ነገር ወይም ውሃ ከገባበት ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ያበላሻል፤ ጥገናው ከጉዞው ሁሉ ይበልጣል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ውጡ። ሀላባ ላይ ቁርስ፣ ሶዶ ላይ እግር ማፍታታት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። በመንገዱ ላይ ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ ስለሚበዛ ማታ አትንዱ። የጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ልኩ በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተጽፏል። ቆላ ደርሳችሁ ንፋሱ ጨምሮ ብታገኙት አታስተንፍሱት፤ የሞቀ ጎማ ንፋሱ መጨመሩ ልማዱ ነው፤ ካስተነፈሳችሁት ማታ ሲበርድ ያንሳል፣ ያነሰ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይፈነዳል። ስኮርታውንም ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አስለኩ፤ ክሪክና የብሎን መፍቻ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ከዶርዜ ስንወርድ ፍሬኑ ተቃጥሎ ሸተተና ፔዳሉ እየላላ ወለል ደረሰ። ቆመን ስንጠብቅ ተመለሰ። ጋራጅ ብንወስዳት «ምንም የላትም» አሉን። መኪናችን ኦቶማቲክ ናት።

መልስ፦ እንዲሁ አትተዉት፤ አንድ ጊዜ የታየ ይደገማል። ከአርባ ምንጭ እስከ ዶርዜ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከወረዳችሁት ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ። የፍሬን ዘይት ደግሞ በዕድሜው ብዛት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ እርጥበት የያዘ ዘይት በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ሲበርድ እንፋሎቱ ወደ ዘይት ስለሚመለስ ጋራጁ ሲያያት ደህና ነበረች።

ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ከላይ መጨመር አይበቃም። የሸራው ውፍረትም ይታይ። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ማርሹን ከዲ አውጥታችሁ ወደ 2 ወይም ኤል አውርዱ፤ እነዚህ የሌሉበት ካምቢዮ ቢ ወይም ኤስ ይኖረዋል። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ማለቱ አያስደንግጣችሁ፣ መኪናዋን የያዘው እሱ ነው። ፍሬኑን ሳትለቁ እየረገጡ መውረድ ነው ጥፋቱ፤ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያ ለቆ ማናፈስ ይሻላል። ኒውትራል አድርጎ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉት አደገኛ ወሬ ነው፤ ኢንጀክተር ያላት መኪና ማርሽ ላይ ሆና እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጁን ራሷ ትዘጋለች። ከሸተታችሁ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩአት፤ ጎማዋ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል።

ጥያቄ፦ ድንኳን ውስጥ ምግብ ብናስቀምጥ ችግር አለው? ሐይቁ ዳርስ መታጠብ ይቻላል?

መልስ፦ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስቀምጡ። ዝንጀሮ ዚፕ እስኪከፈት አይጠብቅም፤ ሸራውን ይቀድዳል። ሙዝና ዳቦ መኪና ውስጥ፣ መስታወት ተዘግቶ ይቀመጥ። ለማብሰያ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ያዙ፣ ቀን ቀን ግን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ከደኑ እንጨት አትልቀሙ፣ በመንገድ ዳር ከሰልም አትግዙ፤ ይህን ደን እያመነመነው ያለው ማገዶ ነው።

ሐይቁ ዳር መታጠብ፣ ዕቃ ማጠብም ሆነ ውሃ መቅዳት ክልክል አድርጉት፤ በአባያም በጫሞም። አዞ ዳር ላይ፣ ጉልበት ከማይሞላ ውሃም ያጠቃል፤ አባያ ደግሞ በደለሉ ቀይ ስለሆነ ስንዝር ታች ያለው አይታይም። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ ከ12 ሰዓት በኋላ በውሃው ዳር አትዘዋወሩ። አካባቢው ወባማ ነው፦ መረቡ ያልተቀደደ ድንኳን፣ ማታ ረጅም እጅጌ። የገንዲ ዝንብ ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ ይስበዋልና አመድማ ወይም ቡላ ልበሱ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንኳ ትኩሳት ቢይዛችሁ «ጉንፋን ነው» ሳትሉ በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርጉ፣ አርባ ምንጭ አድራችሁ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩ።

ጥያቄ፦ መኪና የሌለን ባልና ሚስትስ?

መልስ፦ ትችላላችሁ። ከሐዋሳ መናኸሪያ ቀጥታ ካላገኛችሁ በሻሸመኔና በሶዶ እየቀየራችሁ ሂዱ። ለፓርኩ መግቢያ የሚቀርበው ታችኛው ከተማ ሲቀላ ስለሆነ አልጋ እዚያ ያዙ፤ ላይኛው ሼቻ እይታው ያምራል፣ የባጃጅ ወጪው ግን ይበዛል። ምንጮቹ ድረስ ከስካውት ጋር በእግር ይሄዳል። ቀላል የሸራ ጫማ ይበቃል፤ ለሁለት ሰው አራት ሊትር ውሃ ያዙ፣ ጉዞውንም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሱ።