ለሙዚቃ መምህራን ስልጠና ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጅማ ውስጥ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክወናና የእይታ ጥበባት አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። በክረምቱ ለሙዚቃ መምህራን የ5 ቀን ስልጠና አለ ተብሎ ስሜ ተላልፏል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ስላይድ አየን፣ በቡድን ተወያየን፣ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍን፣ አበል ፈርመን ተመለስን። አንዴም አልዘፈንም። እኔ ደግሞ ክፍሌ ውስጥ 64 ልጅ አለ። መሣሪያ ብትሉኝ አንድ ከበሮና አዳፕተሩ የጠፋ ኪቦርድ ነው። ከበሮውም ዝናብ ሲገባ ድምፁ ይሞታል። ልሂድ ወይስ ክረምቱን ልረፍበት?

መምህርት፣ ከጅማ

መልስ

ልጄ፣ ሂጂ። ግን እንደ በፊቱ አትሂጂ።

ጅማ ላይ 29 ዓመት ሙዚቃ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ያልሽውን ስልጠና አውቀዋለሁ። «ተማሪ ተኮር» የሚለውን ቃል ስንት ወረቀት ላይ እንደጻፍኩት አልቆጠርኩትም። የሙዚቃ መምህር አፉን ሳይከፍት፣ እጁን ሳያጨበጭብ 5 ቀን ውሎ ከመጣ፣ የተሰጠው ስብሰባ ነው።

አንዱ ግን ጠቅሞኛል። አሰልጣኙ የእንጨት ዛይሎፎን (ቁልፎቹ በትንሽ ዱላ የሚመቱ መሣሪያ) ይዞ መጣ፣ ቁልፎቹ የሚነቀሉ። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ለልጆች ብሎ ያሰበበት ዓይነት ነው። አሰልጣኙ ምንም ሳይናገር ከሰባቱ ድምፆች የ«ፋ»ን ቁልፍ ነቀለ፣ የ«ቲ»ን ነቀለ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። የቀረው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። «በሉ ተጫወቱ፣ የምትሳሳቱበት ቦታ የለም» አለን። አጠገቤ የተቀመጠው መምህር ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። ትዝታ ነዋ! ሜጀር ትዝታ ራሱ! አውሮፓውያን ለሕፃን ልጅ ይቀላል ብለው የመረጡት አምስት ድምፅ፣ የእኛ ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሰማው ነው። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ይልቅ ከቤት መጀመር እንዳለብኝ ገባኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስልጠና ላይ ሲዘለል ስለማይ። ቅኝታችን ሁሉ እንደዚያ የዋህ አይደለም። አምባሰልን ከዶ ብትነሺ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። በኪቦርድ ሲመታና ማሲንቆ ላይ ሲጫወቱት ድምፁ አንድ አይሆንም፣ የማሲንቆው ጣት ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣውን ዘዴ ተቀበዪ፣ ግን ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ የራሳችን ተጫዋች ያስፈልጋል። አዘጋጆቹ ለአንድ ከሰዓት ማሲንቆ ተጫዋች እንዲጋብዙ ጠይቂ። ጅማ ውስጥ አይጠፋም።

አሁን ስህተቴን ልንገርሽ። ከዚያ ስልጠና እንደተመለስኩ ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ላይ አፈሰስኩት። ድምፆቹን የሚያሳይ የእጅ ምልክት፣ ምት፣ ዙር፣ ጭብጨባ። ልጆቹ ፈነዱ። ጎረቤት ክፍል ያለችው የሒሳብ መምህርት በሩን አንኳኳች፣ ከእሷ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ መጣ። አፍሬ ዓመቱን ሙሉ የእጅ ምልክቱን ተውኩት። ዘዴው አልነበረም ጥፋቱ፣ የእኔ ችኮላ ነበር። ከ5 ቀን ስልጠና አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ተመለሺ። አንዷን ወር ሙሉ ሥሪባት።

የትኛዋን? እኔን ብትጠይቂኝ ሶልና ሚን። ሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ገጠር ለገጠር እየዞረ የሕዝቡን ዘፈን የለቀመ ሰው ነው። በእሱ ሐሳብ ላይ የቆመው የሙዚቃ ትምህርት ሕፃናቱን በእነዚህ ሁለት ድምፆች ያስጀምራቸዋል። እኔ ያገኘኋቸው መናኸሪያ ነው። ተራ አስከባሪው «አጋሮ! አጋሮ!» ሲል ስሚው። አ-ጋ-ሮ፣ ሶል-ሶል-ሚ። ክፍል ገብቼ እንደሱ ስጠራ ልጆቹ ሳቁ፣ ከዚያ አብረው ጠሩ፣ ማንም ሳይነግራቸው ድምፁ ላይ ነበሩ። ለሶል መዳፍሽን ወደ ደረትሽ አዙሪ፣ ለሚ ጠፍጣፋ አድርገሽ ወደ ታች። አለቀ፣ ትምህርቱ ይሄ ነው።

64 ልጅ ደግሞ በመዳፍ አታስጨብጭቢ። ዴስኩን በሁለት ጣት ጫፍ ይምቱ። ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ላይ ካፊያ ይሆናል፣ ዘፈኑም ይሰማል፣ የሒሳብ መምህርቷም አትመጣም።

ሳምንት ቆይተሽ እያንዳንዱ ልጅ ከአያቱ አንድ ዘፈን ይዞ ይምጣ በዪ። በኦሮምኛ ይምጣ፣ በአማርኛ፣ በዳውሮኛ፣ በየምኛ ይምጣ። ጅማ የሁሉም ቤት ናት። የእኔ ክፍል ውስጥ አንዲት ዓመቱን ሙሉ ድምፅ ያላሰማች ልጅ በየምኛ ስትዘፍን ክፍሉ ጸጥ አለ። የተከተላት ልጅ አጠገቧ ተቀምጦ «ድገሚው» ነው ያላት።

ወደ ስልጠናው ልመለስ። አስተባባሪውን ሳትሸማቀቂ ጠይቂው፦ ከ5ቱ ቀን ስንቱን ሰዓት ነው የምንዘፍነው? መልስ ካጣ ራስሽ ተነሺና «አንድ ሰዓት ስጡኝ፣ እኔ የምሠራውን ላሳያችሁ፣ እናንተም የምትሠሩትን አሳዩኝ» በዪ። መምህር ከመምህር የሚማረውን ያህል ከስላይድ አይማርም። ከዚያ ስትመለሺ በጉድኝታችሁ (በአቅራቢያችሁ ባሉት ትምህርት ቤቶች) ካሉ የሙያ ጓደኞችሽ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት ተገናኙ፣ በወር አንዴ ይበቃል። ከርዕሰ መምህርሽና ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ተነጋገሪ። በዓመት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ከሚጠበቅብሽ 60 ሰዓት ውስጥ እንዲቆጠርልሽ በዕቅድሽ አስገቢው፣ ማህደርሽ ውስጥም ይግባ። የሥራ ባልደረባን ክፍል ገብቶ ማየትም ተሙማ ነው።

ከበሮሽ አልሞተም፣ የጅማ እርጥበት ነው ቆዳውን ያላላው። ከክፍለ ጊዜው በፊት ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ፣ ከሌለ ከሰል ማንደጃ አጠገብ ክንድ ያህል አርቀሽ አሙቂው። እያዞርሽ፣ በጣትሽ እየመታሽ፣ ድምፁ እስኪጠብቅ። አታቃጥዪው፣ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል።

ለኪቦርዱ ያገኘሽውን አዳፕተር ሁሉ እንዳትሰኪ። ኪቦርዱ ጀርባ ላይ ቮልቱ ተጽፏል፣ 9 ወይም 12 ሊሆን ይችላል። አጠገቡ የፕላስና የማይነስ ሥዕል አለ፣ ያንን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አሳዪ። ብዙዎቹ ኪቦርዶች ከሥር የባትሪ ቦታ አላቸው፣ እስከዚያው በባትሪ ይሠራል።