ጅዳ ላይ የወሎ ቤት ጣዕም በርካሽ ለምትፈልገው እህታችን

እህቴ፣ እንዴት ነሽልን? ጥያቄሽን አነበብኩት። ከሐርቡ ጅዳ ከመጣሽ ገና ዓመት አልሞላሽም። በዕረፍት ቀንሽ የሀበሻ ሬስቶራንት ገብተሽ አንድ በየዓይነት ስታዢ የቀን ደሞዝሽ ያልቃል። ያም ሆኖ የቤትሽን ጣዕም አላገኘሽበትም። «ርካሽ ሆኖ አንጀት የሚያርስ የአገር ቤት ምግብ ከየት ላግኝ?» ነው ያልሽው። እኔ አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፤ ጅዳ ግን ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ አረብ ቤት፣ በኋላም ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አብሽሪ፣ ይገኛል። ግን የሀበሻ ሬስቶራንቱን ለጊዜው ተይው። መልመድ ያለብሽ የየመኑን ሱቅ፣ የህንዱን ባቃላ (የሸቀጥ ሱቁን ማለቴ ነው) እና የቅመም ሻጩን ነው።

ሬስቶራንቱ የሚወደደው በእንጀራው ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር፤ አገር ቤት ዋጋው እንዳይንር ብሎ። ተጋግሮ እንጀራ ሆኖ መውጣት ግን ይችላል። ስለዚህ ጅዳ ላይ የሚቀርብልሽ የጤፍ እንጀራ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ተጋግሮ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣ ነው። የምትከፍይው ለጤፉ ብቻ ሳይሆን ለአውሮፕላኑም ጭምር ነው።

እስቲ ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ሐርቡ እናንተ ቤት በየቀኑ ነጭ ጤፍ ነበር የሚበላው? የቃሉ ልጅ ነሽ እኮ። ከሐርቡ እስከ ከሚሴ፣ ወደ ባቲ ብትወርጂ፣ ወደ ላይ ቆቦ ብትዘልቂ፣ ቆላውን አገር የሚያለብሰው ማሽላ ነው። አያቶቻችን ያደጉት በማሽላ እንጀራ ነው። አንቺም የለመድሽው ጣዕም ውስጥ ማሽላ አለበት። ማሽላ ደግሞ እዚያው አጠገብሽ አለ። የጂዛን ሰው ማሽላ ያመርታል፣ የመንም ዋና እህሉ ነው። የየመኖች ሱቅ ገብተሽ ዱቄቱን ታገኚዋለሽ። በዓረብኛ «ዙራ» ብለሽ ብቻ ከጠየቅሽ ግን የበቆሎ ዱቄት ሊሰጡሽ ይችላሉ። ጥሬውን አሳይተውሽ በዓይንሽ ለይተሽ ግዢ።

ለመጋገር ጊዜውም ቦታውም ከሌለሽ ለሑሕ ግዢ። የየመኖች እንጀራ ነው። የሱማሌዎቹም አለ። ቦክቶ የተጋገረ ነው፣ ዓይን አለው፣ ለስላሳ ነው፣ መጠኑ ግን አነስ ይላል። በረመዳን በየቦታው ይሸጣል፤ እነሱ በእርጎ ሸፉት ይሠሩበታል። ሽሮ ወይም ምስር ስታደርጊበት እጅሽ ራሱ ያውቀዋል። ዋጋውም ከጤፍ እንጀራው ጋር አይወዳደርም።

የራስሽን መጋገር ከቻልሽ ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ሦስት እጅ ማሽላ፣ አንድ እጅ የፉርኖ ዱቄት። ማሽላ ብቻውን ስለሚሰነጠቅ ፉርኖው ይይዝልሻል። እርሾ ስለሌለሽ ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ትንሽ ኸሚራ፣ የሱቁን የዳቦ እርሾ፣ ጣል አድርጊበት። ከዚያ ወዲያ ከሊጡ ጥቂት እያስቀረሽ በራስሽ እርሾ ትቀጥያለሽ። ቁንጥር የአብሽ ዱቄት ብትጨምሪ ደግሞ እንጀራው ይለሰልሳል። ደሴ ላይ በብርዱ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ፣ ጅዳ ላይ ባንድ ሌሊት ይቦካል። ከዚያ በላይ ብትተዪው ይኮመጥጣል። ሙቀት ከበዛ ኤሲ ያለበት ክፍል አሳድሪው።

አብሲቱን እንዳትዘይው። ማሽላ ያለ አብሲት አይሆንም። ጠዋት ከሊጡ ላይ የጠለለውን ውሃ ድፊ። ከሥር ካለው አንድ ጭልፋ ቀንሺና በሚፈላ ውሃ ላይ ቀስ እያልሽ አፍስሺ። እጅሽ እንዳያርፍ፤ አማስይው። መጀመሪያ ቅጥን ብሎ ይፈላል፣ ከዚያ በድንገት ወፈር ይልና ማማሰያው ላይ ይለጠፋል። ያኔ አውርጂው። ለብ ሲል ሊጡ ላይ መልሰሽ በደንብ አዋህጂና ክደኚው። ኩፍ ማለት ሲጀምርና ከላይ አረፋ ሲቋጥር ደርሷል ማለት ነው። የማይዝ ሰፊ መጥበሻ ከነክዳኑ ይበቃሻል፤ ክዳኑ አክምባሎሽ ነው። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ከዳር ወደ መሃል እያዞርሽ አፍሺ፣ ዓይኑ ከወጣ በኋላ ክደኚ፣ ዳር ዳሩ ሲነሳ አውጪ። የማሽላ እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፤ በዕለቱ ብይው። የተረፈውን ለነገ ቁርስ ፍርፍር አድርጊው።

አሁን ወደ ሽሮው። የቤት ጣዕም ከየትም በላይ የሚመጣው ከሱ ነው ባይ ነኝ። የህንድ ባቃላ ሁለት ዓይነት የሽምብራ ነገር አለ። አንደኛው በሰን የሚሉት ጥሬ የሽምብራ ዱቄት ነው። ብዙ ልጆች እሱን ገዝተው ቀጥታ ይሠሩትና «ጥሬ ጥሬ ይላል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አልተቆላም። ከገዛሽው ዱቄቱን ደረቅ መጥበሻ ላይ በትንሽ እሳት አመስ አመስ አድርጊው፣ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ። ሁለተኛው ግን ይሻላል፦ ተቆልቶ ገለባው የተፈተገ ሽምብራ ነው። እንደ ቆሎ ለመቆርጠም ይሸጡታል። እሱን ገዝተሽ በቅመም መፍጫ ስትፈጪው በቃ፣ የሽሮ ዱቄት ነው። በርበሬ፣ የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ዱቄት፣ ነጭ አዝሙድ፣ ትንሽ አብሽና ጨው ጨምረሽ እንደገና አንድ ላይ ፍጪው። ነጭ አዝሙድን ህንዶቹ አጅዋይን ብለው ይሸጡታል። አብሹ ሜቲ ነው፤ ዓረቦቹ ሁልባ ይሉታል። ጥቁር አዝሙድ ሐባ ሰውዳ ስለሆነ የማይሸጠው የለም። እርድም እንደዚያው። ምስር ክኩም የአተር ክኩም እዚያው በኪሎ አለ፣ ርካሽ ነው።

ሽሮውን ስትሠሪ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አብስይው። ውሃውን ጨርሶ መጥበሻው ሥር መያዝ ሲጀምር ዘይት አድርጊ፣ ቀጥሎ በርበሬ። በርበሬው ጠብ ጠብ በሚል ውሃ ቀስ ብሎ ይቁላላ። ጣዕሙ የሚወጣው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩይ። እናቶቻችን ከሰል ላይ ጥደው የሚረሱት ለዚህ ነው።

ቅቤውን በተመለከተ፣ ባቃላ ያለው ሰምን ተነጥሮ ያለቀ ነው። ቅመም ስትጨምሪበት እሳቱ ከበዛ ቅመሙ ያርና ይመራል። ጨው የሌለው ጥሬ ቅቤ ገዝተሽ ራስሽ ብታነጥሪ ይሻላል። እርድ፣ አብሽ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት። ኮረሪማን በሄል፣ ማለትም በሂል፣ አትተኪው፤ ሄል ሌላ ነው፣ ወጡን ሻይ ሻይ ያሰኘዋል።

ባብ መካ ገበያ ያሉት የቅመም ሱቆች ለሌላ ሌላው ይሆኑሻል። ተልባ ታገኚያለሽ፤ ለጾም የሚፈልጉ ክርስቲያን ጓደኞችሽ ካሉ ንገሪያቸው፣ ቆልቶ ፈጭቶ መበጥበጥ ነው። ለበሶ የሚሆን ሰዊቅ የሚሉት የተቆላ የገብስ ዱቄት አለ፣ መዲና ስትሄጂም ጠይቂ። በነጠርሽው ቅቤ ብታሺው ጭኮ ነው። ለረመዳን ሾርባ አጃው ከየትም አይጠፋም። ጥሬ ቡናም አለልሽ። «ሀረሪ» ወይም «ለቀምቲ» በይና ጠይቂ፤ ከኛው አገር የሄደ ነው። ያልተቆላውን ወስደሽ ራስሽ ቁይው። ዕጣኑ ደግሞ አገሩ ነው። ስለዚህ አቦል፣ ቶናና በረካውን ሬስቶራንት ሄደሽ መክፈል የለብሽም።

ዶሮ ከተመኘሽ የበረዶዋን ጫጩት ለወጥ አትግዢ። ሥጋዋ ሽንኩርቱ ሳይበስል ይፈርሳል። እንቁላል ጥላ የጨረሰች አሮጊት ዶሮ ፈልጊ። ጠንካራ ናት፣ ወጥ ትችላለች፣ ዋጋዋም አይከብድም።

አረብ ቤት የምትሠሪ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አልጻፍሽውም እንጂ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ ማዳምን አስፈቅጂ። የበርበሬ ሽታ ለለመደው ነው፤ ላልለመደው ያስነጥሳል፣ ያስላል። ሰው ሲወጣ አብስይ፣ ሸፋጡን (የጭስ መሳቢያውን) ክፈቺ፣ መስኮቱንም። ሊጥ ማቡካት አይመችሽም፤ ለሑሑን ግዢ። ሽሮ ግን ባንድ ትንሽ ድስት ይወጣል።

ይሄኛውን ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ነው የምነግርሽ። ከአገር ቤት የመጣ ዱቄትና ቅጠል ጓዝሽ ውስጥ ደብቀሽ አታስቀምጪ። ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ሠራተኛ ክፍል ሲገኝ ሲሕር (ድግምት) ነው ብለው የሚደነግጡ ቤተሰቦች አሉ። በዚህ የተነሳ ብዙ ችግር የደረሰባቸው ልጆች አውቃለሁ። ከመጀመሪያው አሳያት፣ አሽትቻት፣ በዓረብኛ ስሙን ጽፈሽ ለጥፊበትና ማድ ቤት አስቀምጪ። ካልፈለገች ደግሞ ይቅር፣ ጓደኛሽ ቤት ይቀመጥልሽ። የኔዋ ማዳም መጨረሻ ላይ ምስሩን ራሷ ነበር የምታዘኝ። ሁሉም ግን እንደሷ አይደለም።

ጁምዓ ከወጣሽ ብቻሽን አታብስይ። አራት አምስት ሆናችሁ ብታዋጡ፣ አንዷ ዱቄት፣ አንዷ ሽንኩርት፣ አንዷ ሥጋ ብታመጣ፣ ሬስቶራንት አንድ ሰው በሚበላበት ገንዘብ ሁላችሁም ጠግባችሁ የሚተርፍ ወጥ ይኖራችኋል። እኛ ቤት የከሚሴ፣ የደሴም የመቂም ልጅ ነበረች። ጾም የሆነ ቀን ሁላችንም ሽሮ እንበላለን፣ ረመዳን ሲሆን ክርስቲያኗ ሾርባውን ታደርስልናለች። የወሎ ልጅ ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ወጡን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት ክተቱት። ሥራ ውለሽ ደክሞሽ ስትገቢ ማሞቅ ብቻ ነው።

ከቤት ምን ላስልክ ካልሽ፣ ቀላል ቀላሉን አስልኪ። እናትሽ የሽሮ እህልና ክክ በኪሎ እያሰረች አትድከም፣ እሱ እዚያ አለ። የማይገኘው በርበሬዋ፣ ኮሰረቷ፣ በሶብላዋ፣ ኮረሪማዋና የጤና አዳሟ ፍሬ ነው። ድርቆሽም ጥሩ ነው፤ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም። በርበሬው በደንብ ደርቆ ይፈጭ፣ እርጥበት ካለው ሻንጣ ውስጥ ይሻግታል። በሁለት ፌስታል ይታሰር። አንቺ ጋ ሲደርስ በጠርሙስ አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አቆይው፣ ቀለሙም ሽታውም ይቆይልሻል። ቶሎ እንዳያልቅብሽ ለቀለሙ የህንዶቹን የካሽሚር ቃሪያ ዱቄት ቀላቅይበት፤ አያቃጥልም። ጣዕሙን ግን የእናትሽ በርበሬ ይያዘው።

ለዑምራ የሚመጣ የአገር ልጅ አይጠፋምና በሱ ይላክልሽ። አደራ የምልሽ አንድ ነገር፦ በላኪውም በተቀባዩም ፊት ዕቃው ተፈቶ ይታይ። አንቺም አገር ቤት ደርሰሽ ስትመለሺ «ይችን በርበሬ አድርሺልኝ» የሚልሽ ቢኖር፣ ዘመድም ቢሆን፣ ፈተሽ ሳታዪ ሻንጣሽ ውስጥ አታስገቢ። ጫት ሳዑዲ ውስጥ ከአደንዛዥ ዕፅ የሚቆጠር ነው። በሰው ዕቃ ውስጥ ተገኝቶባቸው እስር ቤት የገቡ አሉ።

በዚህ ሳምንት በሽሮው ጀምሪ፣ እሱ ቀላል ነው። ለሑሑን ገዝተሽ ሞክሪ። እንጀራውን ጁምዓ ስትወጪ ትሞክሪዋለሽ። ሊጡ ካልነሳልሽ ወይም ከተሰነጠቀብሽ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ዓይኑን አይቼ ምን እንደጎደለው እነግርሻለሁ።