የአንባቢያን ጥያቄ፦ በብላክጃክ ጠረጴዛ ጥፋተኛው ማነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ካዚኖ ሄደን ብላክጃክ (ከ21 ሳያልፉ ከዲለሩ፣ ማለትም ከካዚኖው ካርታ አዳይ፣ የበለጠ ነጥብ የሚሞሉበት ጨዋታ) ስንጫወት ከዲለሩ በፊት በመጨረሻ የሚጫወተው ወንበር ደረሰኝ። በእጄ 12፣ የዲለሩ ክፍት ካርታ ደግሞ 6 ነበር። አንድ ካርታ ስጨምር 10 መጣብኝና ከ21 አልፌ ተቃጠልኩ። ዲለሩ የተከደነውን ሲገልጥ 10 ሆነ፤ በ16 ላይ 5 አውጥቶ 21 ሞላ። ሁሉም «ዲለሩን የሚያቃጥለውን ካርታ ወሰድክ» ብለው ተቆጡኝ። እውነት እኔ ነኝ ያስበላኋቸው?

መልስ፦ አላስበሏቸውም፤ ራስዎን ግን ጎድተዋል። 12 ይዘው ዲለሩ 4፣ 5 ወይም 6 ካሳየ መቆም፣ ማለትም ካርታ አለመጨመር፣ ነው የሚሻለው። ዲለሩ 17 እስኪደርስ መጨመር ግዴታው ስለሆነ 6 ሲያሳይ ከ10 ጊዜ 4ቱን ያህል ይቃጠላል። ዲለሩ 2 ወይም 3 ካሳየ ግን በ12 ላይ አንድ ካርታ ይጨምሩ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «እንዳልቃጠል» ብሎ ይቆማል፤ ከ13 የካርታ ዓይነት የሚያቃጥሉት 4ቱ (10፣ ጃክ፣ ንግሥትና ንጉሥ፤ ሁሉም 10 ይቆጠራሉ) ብቻ መሆናቸውን አያሰላም።

የጎረቤቶችዎ ቁጣ ግን መሠረት የለውም። የቀሩት ሁለት ካርታዎች 10 እና 5 ናቸው እንበል፤ የትኛው እንደሚቀድም ማንም አያውቅም። 5 ቢቀድም ኖሮ እርስዎ 17 ይሞላሉ፣ ዲለሩ በ16 ላይ 10 አውጥቶ ይቃጠላል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ያሸንፋል። ሁለቱም ቅደም ተከተሎች እኩል ዕድል አላቸው። ሁለተኛው ሲሆን ግን የመጨረሻውን ወንበር የሚያመሰግን የለም፤ ወሬው የኖረውም የሚታወሰው የከፋው ቀን ብቻ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ዲለሩ አስ (1 ወይም 11 የሚቆጠር ካርታ) ሲያሳይ «ኢንሹራንስ?» ይላል። ብላክጃክ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አስና ባለ 10፣ ይዤ ከሆነስ ብገባ አይሻልም?

መልስ፦ አይግቡ። ኢንሹራንስ የተከደነው ካርታ ባለ 10 ነው ብሎ ለብቻው መወራረድ ነው፤ ሲሳካ በ1 ዶላር 2 ይከፍላል። ባለ 10 ዋጋ ካርታዎች ከ13ቱ 4 ናቸው። 13 ጊዜ 10 ዶላር ቢያስይዙ በአማካይ 80 ያገኛሉ፣ 90 ይከስራሉ። በእጅዎ ያለው ብላክጃክ ይህን ሒሳብ አያሻሽለውም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ጠረጴዛዎችን በሕግ ከፈቀደች መንግሥት ይቆጣጠራል ማለት ነው። ታዲያ የትም ብቀመጥ ዕድሌ እኩል አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ ሰዎቻችን ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱት እዚህ ላይ ነው። በ2008 የሜሪላንድ መራጮች የፈቀዱት የቁማር ማሽኖችን ብቻ ነበር። ብላክጃክን የመሰሉ የጠረጴዛ ጨዋታዎች የተፈቀዱት በኅዳር 2012 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሲሆን፣ ጨዋታው በ2013 ተጀመረ። በናሽናል ሃርበር ያለው ካዚኖ በታኅሣሥ 2016 ተከፈተ። ቁጥጥሩ ካርታው እንዳይጭበረበርና በተጻፈው ልክ እንዲከፈል ያደርጋል። የሚጻፈው ክፍያ ግን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይለያያል፤ ሁሉም ሕጋዊ ነው።

ስለዚህ ከመቀመጥዎ በፊት የጠረጴዛውን ጨርቅ ያንብቡ። «ብላክጃክ 3 ለ 2 ይከፍላል» ከሚለው ጋር ይቀመጡ፤ «6 ለ 5» ካለ ይለፉት። በ15 ዶላር ውርርድ የመጀመሪያው 22.50፣ ሁለተኛው 18 ዶላር ይከፍላል። ብላክጃክ በ21 እጅ አንዴ ያህል ይመጣል። በሰዓት 60 እጅ የሚጫወት ሰው በዚህች አንዲት መስመር ብቻ በአማካይ ከ12 እስከ 13 ዶላር ያጣል። በደንብ በሚጫወት ሰው ላይ ካዚኖው ያለው ብልጫ በ3 ለ 2 ጠረጴዛ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ በ6 ለ 5 ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። ቀጥሎ «ዲለር በለስላሳ 17 ይጨምራል» የሚል መጻፉን ይመልከቱ፤ ለስላሳ 17 አስ እንደ 11 የተቆጠረበት 17 ነው፣ ለምሳሌ አስና 6። እንዲህ ከተጻፈ የካዚኖው ብልጫ 0.2 በመቶ ያህል ይጨምርባችኋል።

ስትሸነፉ ቀጣዩን ውርርድ እጥፍ ማድረግም አያድንም። ከ10 ዶላር ተነስቶ ስድስት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ሰው 630 ዶላር ከስሯል፤ ሰባተኛው ውርርድ 640 ነው። የጠረጴዛው ጣሪያ 500 ከሆነ ማጠፉ እዚያው ያበቃል።

ራሱን ማቆም ያቃተው ሰው ካለ ሜሪላንድ ውስጥ በፈቃዱ ስሙን ከካዚኖ ሊያሳግድ ይችላል፦ ቢያንስ ለ2 ዓመት፣ ወይም ለዕድሜ ልክ። በእገዳ ላይ ሆኖ የገባ ሰው ያሸነፈውን አያገኝም፣ ሊከሰስም ይችላል። በ1-800-426-2537 ደውሎ እርዳታ መጠየቅ ይቻላል።