ማርታ ማን ናት? እና ሌሎች የሰሞኑ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ ወገን። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴ ፒያሳ ላይ ከተቀመጠ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ መብራቱም ሄድ መጣ ይላል፣ ስለዚህ የላካችሁትን ቆራርጬ ነው ያነበብኩት። አብዛኛው ስለ ሱፐርሂሮ ፊልም ነው፣ ምን ነካችሁ? አንዱ ግን ስለ ፊልም ይምሰል እንጂ ስለ ልጅ ጭንቅላት ነው፣ ልጅ ያላችሁ እሱን ሳታነቡ እንዳትሄዱ።

ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ የማርቭልን ፊልሞች በምን ቅደም ተከተል ልያቸው ይላል፣ ታሪኩ በሚሄድበት ዘመን ነው ወይስ በወጡበት?

በወጡበት። ከ2008ቱ አይረን ማን ጀምርና (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ወደፊት ሂድ፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ቻርት አትክፈተው።

ሸዋ በር አካባቢ ያላችሁ ሁለት ጓደኛሞች ደግሞ ሃልክና ሱፐርማን ቢጣሉ ማን ያሸንፋል ብላችሁ ተወራርዳችኋል።

የዚያን ወር ደራሲ ያደላለት። ብሩን ቡና ጠጡበት።

አሁን ወደ ሆጤ ሰፈሩ ልጅ። ረጅም ጽሑፍ ልኮ ሲያበቃ ሦስት ቮይስ ጨምሮበታል (ወንድሜ ቮይስ አትላኩ ብያለሁ)። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ዕድሜው 29፣ ኮሚክ ከሃይስኩል ጀምሮ በስልክ ሲያነብ ነው ያደገው፣ ባትማንና ሱፐርማን የሚጋጠሙበትን የ2016ቱን ፊልም እንደ ዓመት በዓል ነበር የጠበቀው፣ አሁን ረጅሙን ቅጂ ከጓደኞቹ ጋር እንደገና አየው። ግማሹን ሲያይ ሰውነቱ ውርር ብሎታል፣ ግማሹን ሲያይ አፍሯል። ሱፐርማን ወድቆ "ማርታ" ያለ ጊዜ (የእናቱ ስም ነው፣ የባትማንም እናት ስሟ ማርታ ነው) ጓደኞቹ በሳቅ ሞቱ፣ እሱም አብሮ ሳቀ፣ ከዚያ ቤቱ ገብቶ የሆነ ሰው እንደከዳ ዓይነት ስሜት ተሰማው። ፊልሙ ጥሩ ነው መጥፎ? እኔስ ምን ሆኜ ነው? ይላል።

ምንም አልሆንክም። ደስ ያለህ ነገር የእውነት ነው፣ መክፈቻው ላይ ሰው ሁሉ ከአቧራው ሲሸሽ ብሩስ ዌይን (ባትማን ያለ ጭምብሉ) ወደ አቧራው ሲሮጥ፣ በ2013ቱ የሱፐርማን ፊልም ከላይ ሆነን እያጨበጨብን ያየነውን ድብድብ እዚህ ከመሬት፣ ህንጻ ከሚወድቅበት ሰው ጎን ቆመን ስናየው እኔም እስከዛሬ ጸጉሬ ይቆማል። እስከዚህ ድረስ ማንም ቢስቅ አልሰማውም።

ጣጣው የትውውቅ ነው። መናኸሪያ ሁለት ረዳቶች ሲደባደቡ ቆመህ ታያለህ፣ ምናልባትም ትቀርጻለህ፣ መኪናህ ሲሞላ ትሄዳለህ በቃ። ጎረቤትህ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ሲጣሉ ግን እንጀራ አይወርድልህም፣ ሽማግሌ ፍለጋ ትሮጣለህ። ፊልሙ ያን ከባድ ጋሻ የመሰለ ልብስና ድብድቡን የወሰደበት የ1986ቱ የፍራንክ ሚለር ኮሚክ የወንድማማች ጸብ ነው፣ ባትማን 55 ዓመቱ፣ ሥራውን ትቶ አሥር ዓመት ተቀምጦ የተመለሰ ሽማግሌ፣ ሱፐርማን ደግሞ ለመንግሥት ያደረ የድሮ ባልደረባው፣ ሲደባደቡ እያንዳንዱ ቡጢ ውስጥ የስንት ዓመት ቂምና ፍቅር አለ። ፊልሙ ላይስ? ገና አንድ ግብዣ ላይ ተያይተው ሁለት ሦስት ነገር ተነጋግረዋል። የመናኸሪያ ጸብ ነው። እሱ ሳያንስ 1992 ላይ የወጣውን "የሱፐርማን ሞት" የሚለውን ኮሚክ መጨረሻው ላይ ለጠፉበት፣ አልቅሱ አሉን፣ ሰውየው ቤታችን መምጣት የጀመረው እኮ ትናንት ነው!

ሌሎቹን ሂሮዎች ያስተዋወቁን እንዴት እንደሆነ ታስታውሳለህ አይደል? ወንደር ውመን ላፕቶፗን ከፍታ፣ ኢሜይል አውርዳ፣ አንድ በአንድ ቪዲዮ አየች። በቃ፣ እንግዳ በኢሜይል። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ይሄን ጉዳይ ማንም ሊያስተምረን አይገባም፣ ሰርግ ስንደግስ የሙስሊሙ ለብቻ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ ወጡ ይለያል፣ ድስቱ ይለያል፣ ዳሱ ግን አንድ ነው፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥና ከማን ጋር ጨዋታ እንደሚገጥም ባለቤቱ ቀድሞ ያስብበታል። መጥራት ቀላል ነው፣ ማስተናገድ ላይ ነው ጉዱ። ኮሚኮቹም ሲጀምሩ ይሄ ገብቷቸው ነበር፣ 1940 ላይ ኦል ስታር ኮሚክስ ቁጥር 3 መጀመሪያ የሂሮዎች ማኅበር አሰባስቦ ሲያሳየን ሰዎቹ እራት ላይ ተቀምጠው በየተራ የየራሳቸውን ገጠመኝ ያወራሉ፣ ልክ እንደኛ ቡና፣ አቦል ላይ አንዱ ቶና ላይ ሌላው።

ያ የባትማንና የሱፐርማን ፊልም በወጣበት በዚያው 2016፣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ማርቭል ሲቪል ዋር የሚለውን ፊልም አወጣ። እሱም የሂሮዎች ጸብ ነው፣ ደግሞ እሱም ውስጥ እናት አለች! እዚያኛው ላይ የእናት ስም ጸቡን ያበርዳል፣ እዚህ ቶኒ (አይረን ማን) እናቱን ማን እንደገደለ አይቶ ጸቡ ይነድዳል። ቶኒና ስቲቭን (ካፒቴን አሜሪካን) ግን ከ2012 ጀምረን አብረው ሲበሉ፣ ሲቀልዱ፣ ሲኮራረፉ አይተናል፣ ስለዚህ ማንም አልሳቀም። ደግሞ ማርቭልን አድንቄ ላልፍ አይደለም፣ እሱም ተበድሮ ያልከፈለው አለ። ፊልሙ የተወሰደበት የ2006ቱ ኮሚክ ላይ ስፓይደርማን በጋዜጠኞች ፊት ጭምብሉን ያወልቃል፣ ከ1962 ጀምሮ ደብቆት የኖረውን ፊት፣ 44 ዓመት የተጠበቀ ሚስጥር። እኔ ያን ገጽ ሳይ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ደፍቼ ውጭ ወጥቼ ቆሜያለሁ፣ ሚስቴ ማን ሞተ አለችኝ። ፊልሙ ላይ ግን ልጁ ገና መምጣቱ ነው፣ ኤርፖርቱ ላይ 12 ሰው ሲራገጥ መሃል ገብቶ ጋሻ ቀምቶ ያስቀናል፣ ያስቃል፣ የሚያወልቀው ሚስጥር ግን የለውም።

አሁን ወደ ሳቁ እንመለስ። ውርር ያለህ ጊዜ ያ ስሜት ግማሹ ከስክሪኑ አልመጣም፣ አንተ ከቤትህ ይዘኸው የሄድክ ነው፣ ፊልሙ አንተ ያነበብከውን ዓመታት ተበደረህ። ጓደኞችህ የሚያበድሩት አልነበራቸውም፣ ስለዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ጎረምሶች ሲደባደቡና አንዱ የሴት ስም ሲጠራ አዩ፣ ሳቁ። ትክክል ናቸው። አንተም ትክክል ነህ። የሁለቱም እናት ማርታ መሆኗ እኮ የኮሚኩ ነው፣ ይሄ ከሰማይ የወረደ ነው የምለው ሰው ለካ እናት አለው ማለትም ሞኝ ሐሳብ አይደለም፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ደሴ ውስጥ ጉሮሮው ላይ ቆመውበት እናቱን በስሟ የሚጠራ ማን አለ? "እማዬን" ቢል ኖሮ ያ ሁሉ ሳቅ አይኖርም ነበር።

እኔ ራሴ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ፒያሳ መሬት ላይ መጽሐፍ አንጥፎ ከሚሸጥ ሰውዬ የገዛሁት የመጀመሪያ ኮሚኬ ሽፋን አልነበረውም፣ ላምባ ላምባ ይሸታል፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል። ማን እንዳሸነፈ ስለማላውቅ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በሒሳብ ደብተር ጀርባ በእስክሪብቶ ጨረስነው፣ ቀይ ስላልነበረን የስፓይደርማን ልብስ ሰማያዊ ብቻ ነበር። ከዓመታት በኋላ እውነተኛውን መጨረሻ ስልክ ላይ አገኘሁት። የኛ ይሻላል። ይሄን ስል አላፍርም፣ አንተም ጭንቅላትህ ውስጥ ጨርሰህ የሄድከው ፊልም አለ፣ የትኛውም ዳይሬክተር ከሱ ጋር ተወዳድሮ አይረታህም።

አንዲት እህታችን ደግሞ የወንድ ጓደኛዋ መጀመሪያ ቀጠሯቸው ላይ አቬንጀርስ ኤንድጌምን አሳያት፣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እስካሁን አኩርፏል። ጥፋቱ የማን ነው?

የሱ። ያ ፊልም 181 ደቂቃ ነው፣ የ21 ፊልም ማሳረጊያ ነው፣ ለቅሶ ቤት ወስዶሽ የማታውቂውን ሟች አልቅሺ እንደማለት ነው። አንቺ ደግሞ አታንኮራፊ፣ እሱም አንብቤዋለሁ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያሉ እናት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ነጠላ አንገቱ ላይ አስሮ ከማድቤቱ ቆርቆሮ ላይ እበራለሁ ብሎ ዘለለ፣ ከዚያ ሁለቴ አስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ እነዚህን ፊልሞች ልከልክለው ወይ ብለው ጽፈዋል።

እናቴ፣ ይሄን ጽሑፉ እስኪወጣ አልጠበቅኩም፣ ያነበብኩ ለት ማታውኑ መልሼልዎታለሁ፣ ወስደውታል፣ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ለሌሎቻችሁ ግን ስለ ፊልም አሁን አታውሩኝ። ከከፍታ ላይ የወደቀ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ያለሰዓቱ ከተኛና ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ከቀባጠረ፣ ራሱን በጣም ካመመው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከአፍንጫው ወይ ከጆሮው እንደ ውሃ ነገር ከፈሰሰ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው፣ ድንገተኛ ክፍል። ነገ ጠዋት አይደለም፣ ወጌሻ ጋም አይደለም፣ እጁ የተባረከ ነው ብትሉኝም አልሰማም፣ ወጌሻ የጭንቅላትን ውስጥ አያይም። ፊልሙን አትከልክሉት፣ ተዋናዩ በገመድ ታስሮ እንደሚንጠለጠል የሚያሳየውን የቀረጻ ቪዲዮ አሳዩት፣ ነጠላውን ግን ደብቁ።

ሌሊቱን ሙሉ ኮሚክ አነብና ጠዋት ዓይኔ ይቃጠላል ለሚለው፣ ተኛ። ካልተሻለህ የዓይን ሐኪም።

የመጨረሻው ጠያቂ የኛ ሱፐርሂሮ የለም ወይ፣ ቢኖርስ ደሴ ቢመጣ ኃይሉ ምን ይሁን ይላል።

አለ እንጂ፣ ጀምበር የሚባል አለ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ ኮሚክ ነው፣ ሐዊ የምትባል ሴት ሂሮም አለች፣ ፈልጋችሁ አንብቡ። ደሴ ሲመጡ ግን ኃይል ብለው እንዳይኩራሩ፣ እዚህ የሐረጎን ቁልቁለት በጉም፣ በማታ፣ ጭነት እንደያዘ፣ በአንድ እጁ ስልክ እያወራ የሚወርድ ሹፌር አለን። የጎደለው ካባ ብቻ ነው።